ያለ ትዕዛዝ የተተኮሱ ሁለት አረሮች

የወደብ መከላከያ ከባድ መድፍ እንደ ሌላው መድፍ ወደ ጠላት አይሄድም፤ ምሽግ ውስጥ ተተክሎ ጠላት እስኪመጣ ይጠብቃል። ብዙው ጠብቆ ጠብቆ ያረጃል። ከኦስሎ በስተደቡብ፣ በኦስካርስቦርግ ምሽግ የነበሩት ሦስት ባለ 28 ሳንቲ ሜትር መድፎችም ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ ነበር። የሠራቸው የጀርመኑ ክሩፕ ነው። ስማቸው ደግሞ ሙሴ፣ አሮንና ኢያሱ!

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ሌሊት፣ መብራታቸውን ያጠፉ መርከቦች ወደ ኦስሎ በሚያስገባው ጠባብ የባህር መተላለፊያ ብቅ አሉ። ኖርዌይ ገለልተኛ ነበረች፤ ደንቡም አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይተኮስ ይላል። የምሽጉ አዛዥ ኮሎኔል ቢርገር ኤሪክሰን ግን መርከቦቹ የውጭውን ምሽጎች ማስጠንቀቂያ ጥሰው መምጣታቸውን ቆጠሩ። የበላይ ትዕዛዝ ሳይጠብቁ በቀጥታ አስተኮሱ። ተኳሹ ለሁለት መድፍ እንኳ ስለማይበቃ ምግብ አብሳይ ሳይቀር ተሰልፏል። ዳግም ለማጉረስ ጊዜ አልነበረም፤ ሙሴና አሮን አንድ አንድ አረር ብቻ ተኮሱ። ሁለቱም ብሉሸር የተባለውን ከባድ ክሩዘር መቱ። ቶርፒዶ ተጨመረበት፤ መርከቡ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰጠመ። በዚያ መዘግየት ንጉሥ ሀኮን 7ኛ፣ መንግሥቱና ፓርላማው፣ የብሔራዊ ባንኩ ወርቅም ጭምር ከኦስሎ ወጡ።

ኮሎኔሉ «ወይ እሸለማለሁ፣ ወይ ጦር ፍርድ ቤት እቀርባለሁ» ማለታቸው ይነገራል። በዓለም አቀፍ ሕግ በኩል ለስጋታቸው ምክንያት አይታየኝም። የ1907ቱ የሄግ ስምምነት ገለልተኛ አገር ገለልተኝነቱን በኃይል ቢያስከብር እንኳ እንደ ጠብ አጫሪ አይቆጥረውም። የአገር ቤቱ የጦር ደንብ ነው አከራካሪው። ምሽጉ በማግስቱ እጁን ሰጠ፤ ኤሪክሰን ግን ከጦርነቱ በኋላ የኖርዌይን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ተቀበሉ።