ስለ ጢም መላጫ ብሩሽ አመራረጥና አያያዝ

እናቶች ሆይ፤ አባወራው ከገበያ አዲስ የጢም መላጫ ብሩሽ ይዞ ሲገባ፣ ሳይታይና ሳይታጠብ ፊቱ ላይ እንዳያውለው እንመክራለን። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አባ ሰንጋ ባለበት የፈረስ ጠጉር ከተሠሩ ብሩሾች በእንግሊዝና በአሜሪካ ሰዎች ታመዋል፤ የሞቱም አሉ።

ስለዚህ የሞተ ከብት ወይም ፈረስ ጠጉር ቆርጣችሁ ብሩሽ አትሥሩ። የአባ ሰንጋ ዘር በሳሙና ታጥቦ አይሞትም፤ አፈር ውስጥም ብዙ ዓመት ይቆያል።

ከአሳማ ጠጉር የተሠራውን ስትገዙ ጠጉሩን ሳብ አድርጉት። አንድ ሁለት ቢነቀል ምንም አይደል፤ እየተመዘዘ የሚያልቅ ከሆነ ግን ተዉት። የአሳማ ጠጉር የማይወድ ሰው ሰው ሠራሹን ይግዛ።

አዲሱ ብሩሽ ይሻክራል፣ ይሸታልም። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት። የፈላ ውሃ ግን ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል። ከመላጨት በፊት ጥቂት ደቂቃ ይነከር። ሳምንታት ሲሠራበት የጠጉሩ ጫፍ እየተሰነጠቀ ይለሰልሳል። ከተላጩ በኋላ አለቅልቆ፣ አራግፎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማድረቅ ነው።

ብሩሹም ምላጩም የአንድ ሰው ብቻ ይሁን። በጋራ ምላጭ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ሊተላለፉ ይችላሉ። የልጆች ራስ ሲላጭም እንዲሁ ተጠንቀቁ።

የማያም፣ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።