ጠባቧ ጓሮ ምን ይዘራባት?

አንበሳሜ ላይ ክረምት ሲቃረብ በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ጓሯችን ላይ ምን እንዝራ?

ቦታው ጠባብ ከሆነ ድንቹን ለማሳ ይተዉት። ድንች የደቡብ ጎንደር ደጋ ሰብል ስለሆነ በምርት ወቅት ከገበያ አይጠፋም። ሽንኩርትና ቲማቲምም ከፎገራ ሜዳ ይመጣል። ቲማቲም በክረምት ዝናብ በበሽታ ይጠቃል፤ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ደግሞ ውርጭ ያሰጋዋል።

ለጠባብ ጓሮ የሚያዋጣው እየቀነጠሱ የሚበሉት ነው። ጥቅል ጎመን አንዴ ተቆርጦ ያበቃል። የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ግን ከታች ከታች ቅጠላቸው እየተቀነጠሰ ለወራት ያበላሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናትም ወጡ ከጓሮ ነው። ቅጠሉም ካሮቱም ለልጆች ዓይን የሚጠቅመውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ፤ በትንሽ ዘይት ቢሠሩ ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምባቸዋል።

ጥግ ላይ ነጭ ሽንኩርት ይትከሉ፤ ደርቆ ከተሰቀለ ለወራት ይቆያል።

ከመዝራትዎ በፊት ግን በበጋ ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ያስቡ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ጀሪካን የምትሸከም ከሆነ ጎመኑ የጥናት ሰዓቷን በላ ማለት ነው። እህልና አትክልት የታጠበበት ውሃ የሚያጠጣውን ያህል መደብ ይበቃል።

አያቶችም አንድ ሥራ አላቸው፦ ከጎመኑ ያማሩትን ጥቂት እግሮች ሳይቀነጥሱ ለዘር ማቆየት።