ፕሮሰሰሩ ሥራ በዝቶበት ነው ወይስ እየጠበቀ?

በቢቸና ወይም በሞጣ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለን የኮምፒዩተር ክፍል በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት፣ ፕሮሰሰሩ አንድ ኮር ብቻ ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር የተማሪዎችን ፋይሎች ያስቀምጣል፤ ጥቂት ተማሪዎችም ከየመቀመጫቸው ሆነው በእርሱ ላይ ይሠራሉ። ሁለት ተማሪዎች ሲሠሩ ሁሉም ነገር ደኅና ነው። አራተኛው ሲገባ ግን ቁልፍ ተጭኖ ፊደሉ በመስኮቱ ላይ እስኪታይ ድረስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። መምህሩ «ፕሮሰሰሩ አርጅቷልና አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛልን» የሚል ማመልከቻ ለመጻፍ ብዕሩን አንሥቷል። የትምህርት ቤቱ በጀት የሚበቃው ለአንድ ግዢ ብቻ ስለሆነ፣ ግዢው ከተሳሳተ የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት አምስት ደቂቃ ቢሰጠን ፕሮሰሰሩ በእርግጥ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ከራሱ ከኮምፒዩተሩ ጠይቀን ልንረዳ እንችላለን። ለዚህም የሚያስፈልገን የትእዛዝ መስመር፣ ማለትም ትእዛዝ በፊደል ተጽፎ መልሱ በፊደል የሚነበብበት መስኮት ብቻ ነው። ባለ ሥዕል መከታተያዎች መኖራቸው አይካድም፤ ሆኖም እነርሱም ሜሞሪና የፕሮሰሰር ጊዜ ይፈልጋሉ። የደከመን ኮምፒዩተር በእነርሱ መመርመር፣ በሽተኛን ዳገት አስወጥቶ ትኩሳቱን እንደመለካት ይመስለኛል። የትእዛዞቹን ስም እዚህ በራሳችን ፊደል እንጽፋቸው እንጂ ኮምፒዩተሩ የሚቀበላቸው በላቲን ትንንሽ ፊደላት ሲጻፉ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በመጀመሪያ ግን «ፕሮሰሰሩ 40 በመቶ እየሠራ ነው» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ብዙዎች ፕሮሰሰሩ ከሙሉ ኃይሉ 40 በመቶውን ብቻ አውጥቶ የሚሠራ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አንድ ኮር በአንዲት ቅጽበት ወይ ትእዛዝ ይፈጽማል ወይ አይፈጽምም፤ ግማሽ መፈጸም የሚባል ነገር የለም። መቶኛው የሚነግረን ከተመለከትነው ጊዜ ውስጥ በሥራ ያለፈው ስንት እጁ እንደሆነ ነው። የጤፍ አገር የሆነችው ቢቸና ወፍጮ ቤት ባለቤት «ዛሬ ወፍጮዬ ግማሽ ቀን ሠራ» ቢል፣ ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ዞረ ማለቱ ሳይሆን ግማሹን ቀን ዞሮ ግማሹን ቆመ ማለቱ እንደሆነ ሁሉ፣ የፕሮሰሰሩም ሒሳብ እንዲሁ ነው።

ይህን ሒሳብ የሚይዘው ከርነል የተባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ሊኑክስ ጊዜውን አብዛኛውን ጊዜ በመቶኛ ሴኮንድ እየቆጠረ (ይህችን አሐድ እዚህ «ምት» እንበላት) እያንዳንዷን ምት በየመደቧ ያስገባል። በተጠቃሚው ፕሮግራም ያለፈችው በአንድ መደብ፣ ከርነሉ ራሱ የተጠቀመባት በሌላ፣ ያለ ሥራ ያለፈችው በሌላ፣ ዲስክ በመጠበቅ ያለፈችው ደግሞ በራሷ መደብ ትመዘገባለች። መዝገቡ የሚነበበው ፕሮክ በተባለው ማውጫ ውስጥ ስታት ከሚባለው ፋይል ነው። የሚያስደንቀው፣ ይህ ፋይል በዲስክ ላይ የተቀመጠ አይደለም፤ ከርነሉ ሊያነበው የሚፈልግ በመጣ ቁጥር በዚያች ቅጽበት የሚያዘጋጀው ነው።

ለምሳሌ ያህል ፋይሉን ካት በተባለው ትእዛዝ ስናነብ ለተጠቃሚ 8,200፣ ለከርነል 3,100፣ ለሥራ ፈትነት 95,400፣ ዲስክ ለመጠበቅ 12,600 ምቶችን አገኘን እንበል። ጥቃቅኖቹን መደቦች እንተዋቸው። ድምሩ 119,300 ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ከተከፈተ 20 ደቂቃ ያህል ሆኖታል። ከዚህ ውስጥ ዲስክ በመጠበቅ ያለፈው 11 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የሚያሳስብ አይመስልም። አራተኛው ተማሪ ከገባ በኋላ ግን ፋይሉን በአምስት ሴኮንድ ልዩነት ሁለት ጊዜ ብናነበው፣ ልዩነቶቹ በቅደም ተከተል 40፣ 30፣ 90 እና 340 ምቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ድምሩ 500 ነው፤ ይኸውም ልክ አምስት ሴኮንድ። አሁን ፕሮሰሰሩ የሠራው 70 ምት፣ ማለትም 14 በመቶ ብቻ ሲሆን ዲስክ በመጠበቅ ያለፈው 68 በመቶ ደርሷል። ጠቅላላ ቆጠራው የሸሸገውን የሁለት ንባቦች ልዩነት አወጣው።

ቶፕ እና ቪኤምስታት የተባሉት ትእዛዞች የሚሠሩት ይህንኑ መቀነስና ማካፈል ነው። ቶፕን እ.ኤ.አ. በ1984 ለዩኒክስ የጻፈው ዊሊያም ለፌቨር ሲሆን፣ በሊኑክስ ላይ የምናገኘው በዚያው ስም ኋላ የተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ነው። ቪኤምስታት ብለን ክፍት ቦታ ትተን 5 ቁጥርን ብናስከትል በየአምስት ሴኮንዱ አንድ መስመር ይጨምርልናል። ጀማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ የመጀመሪያው መስመር ኮምፒዩተሩ ከተከፈተ ጀምሮ ያለውን አማካይ የሚያሳይ ስለሆነ እርሱን ዘልሎ ከሁለተኛው መጀመር ይገባል።

አሁን «ዲስክ መጠበቅ» ወደተባለው መደብ እንመለስ፤ የመምህሩ ማመልከቻ የሚወሰነው በእርሱ ነውና። ወደ ወፍጮ ቤቱ የመጣች አንዲት ሴት የእህሏ ግማሽ ገና በአህያ ተጭኖ እየመጣ ነው። የመጣላት ተፈጭቶ አልቋል፤ ሌላ ባለ እህልም የለም። ወፍጮው ይቆማል። ይህ መቆም ከተራ ሥራ ፈትነት የሚለየው የሚጠብቅ ሰው በመኖሩ ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት ሌላ ሰው ጆንያውን ተሸክሞ ቢገባ ወፍጮው ወዲያው ይነሣለታል፤ የቆመችውም ጊዜ ከ«መጠበቅ» ወጥታ ወደ «ሥራ» ትዞራለች። ስለዚህ ይህ መደብ የፕሮሰሰር ድካም ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም የሥራ ፈትነት አንድ ዘርፍ ነው። ወፍጮውን በፈጣን ወፍጮ ብንለውጠው አህያዋ አንድ እርምጃ እንኳ ፈጥና አትመጣም። ከአንድ በላይ ኮር ባላቸው ማሽኖች ላይ ይህ ቁጥር አስተማማኝ እንዳልሆነ የሊኑክስ መመሪያ ራሱ ስለሚያስጠነቅቅ፣ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም።

አፕታይም የተባለው ትእዛዝ ደግሞ ሦስት ቁጥሮች ይሰጠናል። እነርሱም የመጨረሻውን 1፣ 5 እና 15 ደቂቃ አማካይ ጫና ያመለክታሉ። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ ቴኔክስ የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጁላይ 1973ን አማካይ ጫና የሚያሳይ ሰነድ ዛሬም ይገኛል። አማካዩ ተራ አማካይ አይደለም፤ የቅርቡን አጉልቶ የሩቁን እያደበዘዘ የሚሄድ ነው። በመሆኑም ፈት በነበረ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ፋታ የማይሰጥ ፕሮግራም ቢጀመር፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያው ቁጥር 1.00 ሳይሆን 0.63 አካባቢ ያሳያል።

በትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ይህ ቁጥር 4.00 ቢሆንስ? በአንድ ኮር ላይ አራት ማለት አንዱ እየተሠራለት ሦስቱ ተሰልፈዋል ማለት ነው ብለን፣ ፕሮሰሰሩ አልቻለም ብለን እንፈርድ ይሆናል። በአንዳንድ ዩኒክሶች ፍርዱ ትክክል ይሆን ነበር፤ እነርሱ የሚቆጥሩት በወፍጮው ላይ ያለውንና በሰልፍ የቆመውን ብቻ ነበርና። ሊኑክስ ግን እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ አህያዋን የምትጠብቀዋንም ሴት አብሮ ይቆጥራል። ለውጡን ያቀረበው ማቲያስ ኡርሊክስ ነው። መከራከሪያውም እንዲህ ነበር፦ አንድ ሰው ፈጣኑን ዲስክ አንሥቶ ዘገምተኛ ቢተካበት ኮምፒዩተሩ እየተንቀራፈፈ ሳለ የጫናው ቁጥር ይቀንሳል፤ ይህም ትርጉም የለውም። ምክንያቱ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ከቆየ በኋላ ብሬንዳን ግሬግ የተባለው የሥርዓት ፍጥነት ባለሙያ በ2017 የቆዩ ኢሜይሎችን አገላብጦ አገኘው። በእኔ አስተያየት ለውጡ ተገቢ ነበር፤ ስሙን ግን ሳይለውጡት መቅረታቸው እስከ ዛሬ ብዙ ሰው አሳስቷል። በሊኑክስ ላይ አማካይ ጫና የፕሮሰሰር ጫና ብቻ አይደለም።

ታዲያ አራቱ ምን እየጠበቁ ነው? ቪኤምስታት ከሚያሳያቸው ዓምዶች «አር» የሚባለው በሥራ ላይ ያሉትንና ፕሮሰሰር የሚጠብቁትን፣ «ቢ» የሚባለው ዲስክን በመሰለ ነገር የታገዱትን ይቆጥራል። አር ዜሮ ወይም አንድ፣ ቢ ሦስት ወይም አራት ከሆነ ሰልፉ ያለው ከወፍጮው ደጃፍ ሳይሆን ከመንገዱ ላይ ነው። ቀጥሎ «ኤስአይ» እና «ኤስኦ» የተባሉትን ዓምዶች እናያለን። እነዚህ ሜሞሪ ሲጠብ ከርነሉ ወደ ዲስክ የሚያወጣውንና መልሶ የሚያስገባውን መረጃ ያሳያሉ። ሁለቱም በየመስመሩ ከዜሮ ርቀው የሚታዩ ከሆነ ምክንያቱ ታወቀ፦ የወፍጮ ቤቱ ወለል ለሁለት ሰው ጆንያ እንጂ ለአራት አይበቃም፤ ባለ ወፍጮው የአንዱን ጆንያ ወደ ሩቅ መጋዘን እያስወጣ የሌላውን በማስገባት ቀኑን ይፈጃል። የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሜሞሪ ነው፤ እርሱም ከአዲስ ኮምፒዩተር እጅግ ይረክሳል። ሁለቱ ዓምዶች ዜሮ ሆነው ቢ ብቻውን ከፍ ካለ ግን ጥርጣሬው በዲስኩ በራሱ ላይ ይሆናል።

ብዙ ኮር ባላቸው ማሽኖች ላይ ቶፕ አንድን ፕሮግራም 250 በመቶ ሲል ማየት አዲስ ተማሪን ያስደነግጣል። ለአንድ ኮር 100 እየተባለ ስለሚቆጠር ባለ አራት ኮር ማሽን ጣሪያው 400 ነው። ቶፕ ክፍት ሳለ 1 ቁጥርን መጫን እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ ያሳያል።

ችግሩ መምህሩ በሌለበት ሰዓት የሚከሠት ከሆነ፣ ሲስስታት በተባለው ጥቅል ውስጥ የሚገኘው ሳር የተባለ ትእዛዝ አለ። በተለመደው አደረጃጀቱ በየ10 ደቂቃው ልኬት እየወሰደ ይመዘግባልና የትናንትናውን ዛሬ ማንበብ ይቻላል። ሳር ከመዝገቡ የሚያወጣው ዘገባ ፊደልና ቁጥር ብቻ ስለሆነ በደካማ የኢንተርኔት መስመርም ይተላለፋል፤ ባለሙያ ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸናና በሞጣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ሳይጓዝ፣ ከተቀመጠበት ሆኖ ሊያነበው ይችላል።

የተጠቃሚው መደብ 95 በመቶ፣ አር አራት፣ ቢ ዜሮ፣ ኤስአይና ኤስኦም ዜሮ ሆነው ከተገኙ ግን መምህሩ ልክ ነበር። ያም ሆኖ ማመልከቻው ከመፈረሙ በፊት የኮምፒዩተሩን ክዳን ከፍቶ ማየት ይበጃል። መቶኛው የሚቆጥረው የሥራውን ጊዜ እንጂ ፍጥነቱን አይደለም፤ ማቀዝቀዣው በአቧራ የታፈነና የጋለ ፕሮሰሰር ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን ሲቀንስም ቶፕ የሚያሳየው ያንኑ 100 በመቶ ነው።