«ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ወይ?» ቀዶ ሕክምናው ሳያልቅ መልስ የሚሰጠው ምስል

ቦብ ማርሌይን የማያውቅ ይኖራል? እ.ኤ.አ በ1978 ሻሸመኔ ድረስ መጥቶ የነበረው የሬጌው ንጉሥ ከሦስት ዓመት በኋላ በ36 ዓመቱ አረፈ። ለሞት ያበቃው ካንሰር ግን የጀመረው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እግሩ ጣት ላይ፣ ጥፍሩ ስር።

እ.ኤ.አ በ1977 ሐኪሞች ጥፍሩ ስር ያለው ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር መሆኑን ነገሩት። ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት፣ እሱ ግን አልተቀበለም። ጥፍሩና ከጥፍሩ ስር ያለው ሥጋ ብቻ ተነሥቶ ከጭኑ በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነለት። በኋላ ካንሰሩ ሳንባውና አንጎሉ ድረስ ደረሰ።

ይህን ያነሳነው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «የቆዳ ካንሰር የነጮች በሽታ ነው» የሚባለው ልክ አይደለም። ሁለተኛ፣ በቆዳ ካንሰር ሕክምና ውስጥ ትልቁ ጥያቄ «ምን ያህል ተቆርጦ ይውጣ? የቀረ ነገር የለም ወይ?» የሚለው ነው። ዛሬ የምናወራው ይህን ጥያቄ በሽተኛው ገና ከአልጋው ሳይነሳ ለመመለስ ስለሚረዳ ቴክኖሎጂ ነው።

🔹 «ጠርዝ» ምንድነው?

ሐኪሙ ዕጢ ሲያወጣ በዓይኑ የሚያየውን ብቻ አይደለም የሚቆርጠው። ዙሪያውን ትንሽ ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ ያነሳል። ምክንያቱም ካንሰር እንደ ዛፍ ነው፣ ከላይ የሚታየው ትንሽ ሆኖ ሥሩ ወደ ጎንም ወደ ታችም ሊሄድ ይችላል።

ተቆርጦ የወጣው ሥጋ ዳር ዳሩና የታችኛው ክፍሉ «ጠርዝ» ይባላል። ጠርዙ ላይ የካንሰር ሴል ካልተገኘ «ጠርዙ ንጹህ ነው» ይባላል። ከተገኘ ግን ሥሩ ሰውየው ላይ ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ካንሰሩም እዚያው ቦታ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል።

🔹 ታዲያ ለምን ሰፋ አድርገው አይቆርጡትም?

ጀርባ ላይ ቢሆን ችግር የለውም፣ ቦታ አለ። ግን ዕጢው የዓይን ቆብ ላይ፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ ወይም ከንፈር ላይ ቢሆንስ? ብዙው የቆዳ ካንሰር ደግሞ የሚወጣው ፀሐይ የሚያገኘው ፊት ላይ ነው። እዚያ ጋር አንድ ሚሊ ሜትር ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ከተቆረጠ ዓይን አልከደን ሊል፣ የአፍንጫ ቅርጽ ሊበላሽ ይችላል። ትንሽ ከተቆረጠ ደግሞ ካንሰሩ ይቀራል።

ቤዛል ሴል ካርሲኖማ የሚባለው በነጮች ዘንድ በጣም የተለመደው የቆዳ ካንሰር፣ ብዙም አስጊ ካልሆነ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ቆዳ ተጨምሮ ይነሳል። ሜላኖማ ደግሞ እንደ ጥልቀቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሊፈልግ ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች ግን መነሻ ናቸው። የእያንዳንዱ ሰው ዕጢ ሥር የት ድረስ እንደሄደ አይናገሩም።

🔹 የተለመደው አሠራር

በአብዛኛው ዕጢው ይወጣል፣ ቁስሉ ይሰፋል፣ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ይላካል። ውጤቱ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው። «ጠርዙ ላይ ካንሰር አለ» ከተባለ በሽተኛው እንደገና ይጠራል፣ እንደገና ይቆረጣል።

ሌላም ችግር አለ። ላብራቶሪ ውስጥ ናሙናው እንደ ዳቦ ይቆራረጥና ከየቁራጩ ስስ ሽፋን ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በቁራጮቹ መካከል ያለው ግን አይታይም። በዚህ መንገድ የሚታየው ከጠቅላላው ጠርዝ 1 በመቶ እንኳን እንደማይሞላ ይገመታል።

🔹 የሞህስ ዘዴ

አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ሞህስ እ.ኤ.አ በ1930ዎቹ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ችግር መላ አመጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ትንሽ ቁረጥ፣ ወዲያው እይ፣ ካንሰር የቀረበትን ቦታ ብቻ እንደገና ቁረጥ።

አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው። በሽተኛው ቦታው ብቻ ይደነዝዛል፣ ራሱን አይስትም። ሐኪሙ ስስ ሽፋን ያነሳል። ናሙናው የትኛው ጎን ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደነበረ እንዲታወቅ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፣ እንደ ካርታ ማለት ነው። ከዚያ በረዶ ይሆናል፣ በስሱ ይቆረጣል፣ ቀለም ይነከራል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አቆራረጡ እንደ ዳቦው ሳይሆን ጠርዙ ዙሪያውንና ከታች በሙሉ እንዲታይ ተደርጎ ነው። በስተግራ በኩል ካንሰር ከታየ፣ ከስተግራ ብቻ ይጨመራል።

ውጤቱ? ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ በዚህ ዘዴ እስከ 99 በመቶ ድረስ ይድናል። ትልቁ ችግር ጊዜ ነው። አንዱ ዙር ብቻ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሦስት ዙር ካስፈለገ ግማሽ ቀን ሄደ ማለት ነው። በሽተኛው ቁስሉ ተሸፍኖ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ማቀዝቀዣና መቁረጫ ማሽን፣ የሠለጠነ የላብራቶሪ ባለሙያም ያስፈልጋል።

🔹 ምስሉ የሚገባው እዚህ ጋር ነው

ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ የሚባል መሣሪያ አለ። ሐሳቡን ያመነጨው በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ስሙ የሚነሳው ማርቪን ሚንስኪ ሲሆን እ.ኤ.አ በ1957 ነው ለፓተንት ያመለከተው። መሣሪያው ከአንድ ጥልቀት ላይ የሚመለሰውን ብርሃን ብቻ ተቀብሎ ሌላውን ያግዳል። ስለዚህ ሥጋው በቢላ ሳይቆረጥ በብርሃን «ይቆረጣል» ማለት ይቻላል።

በቀዶ ሕክምና ጊዜ ተቆርጦ የወጣው ሥጋ የሴሎችን ኒውክሊየስ የሚያደምቅ ቀለም ውስጥ ለአጭር ጊዜ ይነከራል። ከዚያ ሌዘሩ ነጥብ በነጥብ ይቃኘዋል። በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ምስሎች ተሰፍተው አንድ ትልቅ ምስል ይሆናሉ፣ ስልካችሁ ላይ ፓኖራማ ስታነሱ እንደሚሆነው ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ምስሉን ፓቶሎጂስቶች በለመዱት ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ሊያሳየውም ይችላል። የካንሰር ሴሎች ተጠጋግተው፣ ተጨናንቀው ደምቀው ይታያሉ።

ማቀዝቀዝ የለም፣ መቁረጥ የለም። ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል። ናሙናው ስላልተቆረጠ በኋላ ለተለመደው ምርመራም መላክ ይችላል። ምስሉ ዲጂታል ስለሆነ ደግሞ ሌላ ከተማ ያለ ፓቶሎጂስት በኢንተርኔት ሊያየው ይችላል።

ሌላም አለ። ኦሲቲ የሚባለውና እ.ኤ.አ በ1991 ይፋ የሆነው የምስል ዘዴ በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ቆዳ ላይ ሲሆን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ድረስ ወደ ውስጥ ያሳያል። ስለዚህ ቢላ ከመነሳቱ በፊት ዕጢው የት ድረስ እንደሄደ ለመገመት ይረዳል። ኮንፎካል በአንጻሩ ሰው ቆዳ ላይ በቀጥታ ሲደረግ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያየው፣ ግን አንድ አንድ ሴል ሳይቀር ይለያል። አንዱ ጥልቀት፣ ሌላው ጥራት አለው።

🔹 እንከን የለውም?

አለው እንጂ። ተጨናንቆ የሚያድግ ዕጢ በምስሉ ጎልቶ ይታያል። እንደ ክር ቀጥኖ የሚሰራጭ ወይም አንድ አንድ ሴል ሆኖ የተበታተነ ካንሰር ግን ሊያመልጥ ይችላል። ሥጋው መስታወቱ ላይ በደንብ ተዘርግቶ ካልተኛ ጠርዙ ከምስሉ ውጭ ይቀራል። ጤነኛ የፀጉር ሥርና የላብ ዕጢ ደግሞ ካንሰር መስለው ሊያሳስቱ ይችላሉ። ስለዚህ ምስሉን የሚያነበው ሰው ሥልጠና ያስፈልገዋል። መሣሪያው ውድ ነው፣ በበለጸጉት አገራትም ቢሆን በየሆስፒታሉ አይገኝም። እስካሁንም ማመሳከሪያው በማይክሮስኮፕ የሚታየው የፓቶሎጂ ምርመራ ነው።

🔹 እኛን ምን ያገባናል?

ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ የተወሰነ መከላከያ አለው፣ ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም። ጥቁር ሰዎች ላይ ሜላኖማ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኛቸው ቦታዎች ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ስር። ለዓመታት ያልዳነ የእግር ቁስልና የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ላይም ካንሰር ሊነሳ ይችላል። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ደግሞ በጣም ተጋላጭ ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ለእነሱ ሰፊ ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ እነዚህን አስተውሉ፦

✔️ ጥፍር ስር የወጣና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፣ ውስጥ እግር ላይ የወጣ አዲስ ጥቁር ነጥብ
✔️ «ማርያም ሳመችኝ» የምንለው ምልክት ቅርጹ ወይም ቀለሙ ሲቀየር፣ ሲያድግ፣ ሲደማ
✔️ በሕክምና ያልዳነ ወይም ድኖ እንደገና የሚከፈት ቁስል

እነዚህን ካያችሁ የቆዳ ሐኪም ጋር ሂዱ። በስልክ ፎቶ አንስቶ ለጓደኛ መላክ አይበቃም፣ ፎቶ ከቆዳው በታች ያለውን አያሳይም።

እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ ከቆዳ ላይ የሚቆረጥ ነገር ካለ ደግሞ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። «የሚወጣው ሥጋ ለፓቶሎጂ ይላካል ወይ?» «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» «ጠርዙ ንጹህ ነው ወይ?» ሥጋው ተጥሎ ከሆነ ምን እንደነበረ ማወቂያ የለም። ውጤቱን በጽሑፍ ተቀብላችሁ አስቀምጡት፣ ከዓመታት በኋላ እዚያው ቦታ ሌላ ነገር ቢወጣ ለቀጣዩ ሐኪም ትልቅ መነሻ ነው።

ሌዘሩ ባይኖርም «ጠርዙ ንጹህ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ቁስሉ ሰፍቷል ብሎ የተቀመጠ፣ «ይድናል» እያለ የሚጠብቅ ዘመድ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ላኩለት።