መስኮቱ ይከፈት፦ ከአቃቂ ቃሊቲ በሕዝብ ትራንስፖርት ስንጓዝ ራሳችንንና ቤተሰባችንን ከኮቪድ-19 መጠበቅ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በየማለዳው እጅግ ብዙ ሰው ለጉዞ ይነሣል። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላንና ከቂሊንጦ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚወጣው ነዋሪ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ ሳሪስና ወደ መሀል ከተማ ያቀናል። በአንጻሩ ከሌሎች ክፍላተ ከተማ ተነሥቶ ወደ አቃቂና ቃሊቲ ፋብሪካዎች የሚመጣው ሠራተኛም ጥቂት አይደለም። ከዚህ ሕዝብ አብዛኛው የግል መኪና የለውም። የአንበሳና የሸገር አውቶቡሶች፣ ሚኒባስ ታክሲዎች፣ ባጃጆች እንዲሁም ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃሊቲን ከምኒልክ አደባባይ ጋር የሚያገናኘው ቀላል ባቡር የዕለት ተዕለት መመላለሻዎቹ ናቸው።

በቤት መቆየት ለሚችል ሁሉ፣ በቤት መቆየት አንዱ መከላከያ ነው። ሆኖም የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የጤና ባለሙያውና በጉልት ነግዳ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ከቤት ሳይወጡ የዕለት ጉርሳቸውን ሊያገኙ አይችሉም። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ በርካቶቹን የሚጠብቋቸው አረጋውያን ወላጆች ወይም የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ መጓዝ ግድ ለሆነበት ሰው ሊመለስለት የሚገባው ጥያቄ፣ በጉዞ ላይ አደጋው በትክክል የት እንዳለና በምን እንደሚቀንስ ነው።

በሽታው በተሽከርካሪ ውስጥ እንዴት ይተላለፋል?

የኮሮና ቫይረስ በዋናነት የሚተላለፈው በቫይረሱ የተያዘ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገርና ሲተነፍስ ከአፉና ከአፍንጫው በሚወጡ ጠብታዎች አማካይነት ነው። ከበድ ያሉት ጠብታዎች ከሰውየው ብዙም ሳይርቁ ይወድቃሉ፤ ሁለት የአዋቂ እርምጃ እንራራቅ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። እጅግ ደቃቅ የሆኑት ግን አየር በማይዘዋወርበት ዝግ ቦታ ተንሳፈው ሊቆዩ ይችላሉ።

በተሽከርካሪ ውስጥ አደጋውን የሚያከብዱት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የተሳፋሪው መቀራረብ፣ የጉዞው ርዝመትና የአየሩ መታፈን። ከቦሌ ወደ መገናኛ ከሚደረግ አጭር ጉዞ ይልቅ ከአቃቂ ተነሥቶ ፒያሳ ወይም መርካቶ ድረስ የሚዘልቅ ጉዞ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻውም ለዚህ ነው። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መንገዱ ሲጨናነቅ በአንድ መኪና ውስጥ አንድ ዓይነት አየር እየተጋሩ የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል።

በተጨማሪም በቫይረሱ የተያዘ ሰው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ጨርሶ ምልክት የማያሳዩም አሉ። ስለዚህ «አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አላሳለም» ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ «እኔ ጤነኛ ነኝ» ማለትም እንዲሁ በቂ ዋስትና አይሆንም።

የተሳፋሪው ቁጥር በግማሽ መቀነሱ ምን ይጠቅማል?

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። በአዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ መሠረት የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ከመጫን አቅማቸው ከ50 በመቶ በላይ እንዳይጭኑ በወቅቱ ተደንግጎ ነበር። በዚህም 12 ሰው ይጭን የነበረው ሚኒባስ በዚያን ጊዜ 6 ሰው ብቻ ይጭን ነበር ማለት ነው።

ጥቅሙን በምሳሌ እንመልከት። አንዲት ወጣት ከቱሉ ዲምቱ ተነሥታ ሜክሲኮ አካባቢ ትሠራለች እንበል፤ ለመሄድ ሁለት፣ ለመመለስም ሁለት ሚኒባስ ትሳፈራለች። ተሽከርካሪዎቹ 12 ሰው ሲጭኑ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ከ11 ተሳፋሪዎች፣ ከአሽከርካሪውና ከረዳቱ ጋር በጠቅላላው ከ13 ሰዎች ጋር አየር ትጋራለች። ይህም በአራት ጉዞ 52 ሰው ይሆናል። ተሳፋሪው ወደ 6 ዝቅ ሲል ግን በየጉዞው የምትገናኘው ከ7 ሰዎች ጋር፣ በቀን ደግሞ ከ28 ሰዎች ጋር ነው። ከዚህም በላይ ማንም ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ እንዲቀመጥ አይገደድም።

ትርፍ መጫን ይህን ሁሉ ጥቅም ያጠፋል። ማምሻውን ሲመሽብን፣ ዝናብ ሲያስፈራራና ሰልፉ ሲረዝም «ተጠጋጉ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው» የሚለውን ልመና መቃወም እንደሚከብድ ይታወቃል። ነገር ግን የሚጨመረው ሰው፣ ራሱም የተቀመጡትም የሚጎዱበት መሆኑን በትሕትና አስረድቶ ቀጣዩን ተሽከርካሪ እንዲጠብቅ ማድረግ ለእርሱም ማሰብ ነው።

መስኮት፣ ንፋስና ክረምት

በትራንስፖርት ውስጥ ካሉት መከላከያዎች ሁሉ ያለ ምንም ወጪ የሚገኘው የተከፈተ መስኮት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም እርሱ ነው። «ንፋስ ይመታኛል»፣ «ብርድ ይገባኛል» በማለት መስኮት ማዘጋት በኅብረተሰባችን ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ተጨማሪ ምክንያት ይሆናል።

ይህን ለመረዳት በቤታችን ቡና ሲፈላ የሚጨሰውን ዕጣን እናስታውስ። በርና መስኮት ዝግ ከሆነ ጭሱ ቤቱን ሞልቶ ይቆያል፤ ጥግ የተቀመጠውም ሰው ሳይቀር ይሸተዋል። ፊት ለፊት ያሉ በርና መስኮት ሲከፈቱ ግን ጭሱ በአጭር ጊዜ ይሳሳል። ከሰው እስትንፋስ ጋር የሚወጡት ደቃቅ ጠብታዎችም እንደዚሁ ናቸው፤ ልዩነቱ በዓይን አለመታየታቸውና ሽታ የሌላቸው መሆኑ ብቻ ነው።

ቀዝቃዛ ንፋስ በራሱ ኮቪድ-19 አያመጣም። ቫይረሱ የሚመጣው ከሰው እስትንፋስ ነው፤ ንፋሱ ያንን እስትንፋስ ጠርጎ ያወጣል። ስለዚህ የሚከተሉት ይመከራሉ፦

• መኪናው ሲንቀሳቀስ አየሩ እንዲመላለስ ቢያንስ ሁለት መስኮቶችን፣ አንዱን ከፊት ሌላውን ከኋላ፣ ከተቻለም በተለያየ ጎን መክፈት፤

• ዝናብ ሲጥል መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ አራት ጣት የሚያህል ክፍተት መተው፤

• ብርዱን በመስኮት ሳይሆን በልብስ መከላከል። ከቤት ሲወጡ ሹራብ፣ ጃኬት፣ ነጠላ ወይም ጋቢ መያዝ፤

• ብርድ የማይስማማቸው አረጋውያን ወይም ሕፃን የያዙ እናቶች ካሉ መስኮቱን ከመዝጋት ይልቅ ቀጥተኛ ንፋስ የማያገኘውን ቦታ ለእነርሱ መልቀቅ።

የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ

መሸፈኛ ማድረግ ከሁሉ አስቀድሞ ሌላውን ሰው ከእኛ እስትንፋስ ይጠብቃል፤ እኛንም በተወሰነ ደረጃ ይከላከልልናል። ሁሉም ተሳፋሪ ሲያደርግ ጥበቃው የጋራ ይሆናል። አንዱ አድርጎ ሌላው ቢተው ግን ጥበቃው ይጎድላል። መሸፈኛውን አገጭ ላይ አውርዶ ወይም አፍንጫን ገልጦ መቀመጥ እንዳላደረጉት ይቆጠራል። በተለይ ስልክ ሲያነሡና «ወራጅ አለ» ለማለት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ መሸፈኛቸውን የሚያወርዱ ብዙዎች ናቸው። ድምፅ ከፍ ባለ መጠን ከአፍ የሚወጣው ጠብታ ስለሚበዛ፣ መሸፈኛው ይበልጥ የሚያስፈልገው በዚያ ሰዓት ነው። የስልክ ወሬን ከወረዱ በኋላ ማድረግም ይመረጣል።

ከጨርቅ የተሠራ መሸፈኛ በየቀኑ በውኃና በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ሊደርቅ ይገባል። አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲለበስ ሁለት መያዝ ይመከራል።

እጅ፣ ገንዘብና የመኪና በር

የበር እጀታ፣ የመቀመጫ መደገፊያ፣ ትኬትና የገንዘብ ኖት በቀን ውስጥ ብዙ እጅ ይዳስሳቸዋል። እነዚህን መንካት ብቻውን በሽታ አያስይዝም፤ አደጋው የሚመጣው በዚያው እጅ ዓይንን፣ አፍንጫንና አፍን ስንነካ ነው። ስለዚህ ሒሳብዎን ከመሳፈርዎ በፊት ዘርዝረው ያዘጋጁ፤ መልስ መቀባበሉ ይቀንሳል። ኖት ለመቁጠር ጣትዎን በምራቅ አያርጥቡ። ከተሽከርካሪ እንደወረዱ እጅዎን ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በውኃና በሳሙና ይታጠቡ። ውኃ በሌለበት ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ይጠቀሙ።

በሰልፍና በመናኸሪያ

ጉዞው የሚጀመረው መኪናው ሲነሣ ሳይሆን ሰልፍ ስንይዝ ነው። በቃሊቲ መናኸሪያ፣ በሳሪስ አቦና በአቃቂ የታክሲ ተራዎች ሰልፉ ራሱ ሰውን ያቀራርባል። በሰልፉ መካከል ሁለት እርምጃ መተው፣ መኪናው ሲደርስ አለመጋፋት፣ የሚወርደው ሰው ወርዶ እስኪያበቃ መጠበቅ ቀላል የሚመስሉ ግን ብዙ ንክኪን የሚያስቀሩ ልማዶች ናቸው። የሥራ ሰዓትን ማዘዋወር የሚችሉ ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን መግቢያና መውጫ በፈረቃ ቢለያዩ በአንድ ሰዓት የሚፈጠረው መጨናነቅ ይቀልላል። ቅርብ ቦታ የሚሄድ ሰው በእግሩ ቢጓዝ ደግሞ ለራሱም ጤና ይበጃል፤ መቀመጫውንም ሩቅ ለሚሄደው ይለቃል።

ለአሽከርካሪዎችና ለረዳቶች

ተሳፋሪው በቀን ጥቂት ጊዜ ይሳፈራል፤ እናንተ ግን ቀኑን ሙሉ በዚያው መኪና ውስጥ ናችሁ። በቀን የምታገኙት ሰው ከማንም ይበዛል። በመሆኑም ጥንቃቄው ከሁሉ በፊት ለእናንተና ለቤተሰባችሁ ነው። መሸፈኛችሁን ቀኑን ሙሉ አትለዩ። የመዳረሻውን ስም ከውጭ ሆናችሁ ጥሩ እንጂ ወደ ተሳፋሪው ዞራችሁ አትጩኹ። በየምልልሱ መጨረሻ ተራ ስትጠብቁ በሩንና መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታችሁ መኪናውን አናፍሱ፤ እጀታዎችንና መደገፊያዎችንም በሳሙና ውኃ ወይም በተበረዘ በረኪና አጽዱ። መስኮት እንዲከፈት የሚጠይቅ ተሳፋሪን አግዙ፤ የእናንተ ቃል በመኪናው ውስጥ ይሰማል።

ሕመም ከተሰማዎ

ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ መከርከር፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የማሽተትና የመቅመስ ስሜት ማጣት ካጋጠመዎ በሕዝብ ትራንስፖርት አይሳፈሩ። የበሽታው ምልክት ቫይረሱ ከገባ ከ2 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊታይ ይችላል። ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ሆነ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ በታክሲ ከመሄድዎ በፊት በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ደውለው የሚነገርዎትን ይከተሉ። በቤት ውስጥም ከአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ተለይተው ይቆዩ።

ማጠቃለያ

አቃቂን አቋርጦ ያልፍ የነበረው የጅቡቲ ባቡር መስመር አዲስ አበባ ከደረሰ ብዙም ሳይቆይ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ከተማችን በዓለም አቀፉ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ክፉኛ ተጠቅታ ነበር። ያ የኅዳር በሽታ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ሰፈርን በማጽዳትና ቆሻሻን በማቃጠል ይታወሳል። በዚያ ዘመን የነበሩት ወገኖቻችን በሽታው በምን እንደሚተላለፍ በቅጡ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። እኛ ግን እናውቃለን። ከአቃቂ እስከ መሀል ከተማ በሚያደርሰን መኪና ውስጥ የእኛን ደኅንነት የሚወስነው ከጎናችን የተቀመጠው ሰው ጥንቃቄ ነው፤ የእርሱንም የሚወስነው የእኛ ጥንቃቄ ነው።

በመሆኑም ነገ ማለዳ ሲሳፈሩ መሸፈኛዎን ያስተካክሉ፤ ትርፍ አይሳፈሩ፤ ከተቀመጡ በኋላም እጅዎን ወደ መስኮቱ ዘርግተው ይክፈቱት። «ለምን ተከፈተ?» ብሎ ለሚጠይቅዎ ያነበቡትን በትሕትና ያስረዱት።

ራሳችንን፣ ቤተሰባችንንና አብሮን የሚጓዘውን ወገናችንን እንጠብቅ!