የቴኒስ አሠልጣኝ ሲመረጥ ዓይን ተማሪው ላይ ይሁን

ጅማ ላይ ልጁን ቴኒስ ለማስተማር ያሰበ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው “እዚህ ከተማ ጎበዝ ተጫዋች ማነው?” ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለበትም፤ ሐኪምም መካኒክም ስንፈልግ ስም አጠያይቀን መሄድ የለመድነው ነው። ነገር ግን ጎበዝ ተጫዋች መሆንና ራኬት ይዞ የማያውቅን የስምንት ዓመት ልጅ ማስተማር ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ከአሠልጣኙ ስምም፣ ከዋንጫውም፣ ከምስክር ወረቀቱም በፊት አንድ ሰዓት ሜዳ ዳር ተቀምጦ ተማሪዎቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ ማየት ይቀድማል ባይ ነኝ። የእነዚህ ሁሉ ማጣሪያ ያ አንድ ሰዓት ነው።

ተጫዋችነትና አሠልጣኝነት ለየቅል ለመሆናቸው ማስረጃ ፍለጋ ከአገር መውጣት አያስፈልግም። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው በቆጂ ላይ ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር እንጂ የኦሊምፒክ ሯጭ አልነበሩም። በቴኒሱም ዓለም ቢሆን አንድሬ አጋሲን ፍሎሪዳ በሚገኘው አካዳሚያቸው ያሳደጉት ኒክ ቦሌቴሪ በተጫዋችነታቸው የሚጠቀስ ውጤት አልነበራቸውም። “ታዲያ መምታት የማይችል ሰው እንዴት ያስተምራል?” የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ጨርሶ የማይችል አያስተምርም። ለጀማሪ አሠልጣኝ የሚያስፈልገው ችሎታ ግን ፍጹም ሰርቭ ሳይሆን ኳስን ሳይሰለች፣ በአንድ ፍጥነት፣ ልጁ ሊመታው በሚችልበት ቦታ ደጋግሞ ማቀበል ነው። በልጅነታቸው ክለብ ውስጥ ኳስ እየለቀሙ አድገው አሠልጣኝ የሆኑ ሰዎች በዚህ በኩል ብዙ ዋንጫ ከሰበሰቡት ቢበልጡ አይግረመን።

እንግዲህ በዚያ አንድ ሰዓት ላይ እንቆይ። ስምንት ልጆች በአንድ ወረፋ ተሰልፈዋል እንበል። አሠልጣኙ ከመረቡ ማዶ ቆሞ ከቅርጫት እያነሣ ይወረውራል፤ አንዱ ይመታል፣ ሰባቱ ይጠብቃሉ። በደቂቃ አሥር ኳስ ቢወረውርና ከስልሳው ደቂቃ አርባው በእውነት ልምምድ ቢሆን፣ በሰዓቱ ውስጥ የተመቱት ኳሶች አራት መቶ ናቸው፤ ለአንድ ልጅ ሃምሳ ይደርሰዋል። የቀረውን ጊዜ የፊተኛውን ልጅ ጀርባ ሲያይ ይውላል። ያው ሜዳ፣ ያው አሠልጣኝ፣ ያው ሰዓት እያለ ስምንቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአራት ትንንሽ ሜዳዎች ቢቀባበሉ ግን ሁሉም ሳያቋርጡ ይጫወታሉ። መጀመሪያ ላይ ኳሱ ብዙ ጊዜ ይጠፋባቸው ይሆናል፤ ሲጠፋባቸውም እየተማሩ ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው የአሠልጣኙ ንግግር ሳይሆን ልጁ የመታው ኳስ ነው። ወላጅ ቴኒስ ምን እንደሆነ ባያውቅ እንኳ መቁጠር አያቅተውም።

አራት ትንንሽ ሜዳ ከየት ይመጣል? መደበኛው የቴኒስ ሜዳ 23.77 ሜትር ይረዝማል፤ ለጥንድ ጨዋታ ስፋቱ 10.97 ሜትር ነው። ለትንንሽ ልጆች የሚመከረው ሜዳ ርዝመቱ 11 ሜትር ገደማ ስለሆነ በትልቁ ሜዳ ወርድ ልክ ይገባል፤ በኖራ መስመር አስምሮ ገመድ መወጠር ብቻ ይበቃል። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ዘመቻ ይህንኑ አሠራር ከዝግተኛ ኳሶች ጋር አስፋፍቷል፤ ቀዩ ኳስ ከመደበኛው በ75 በመቶ፣ ብርቱካናማው በ50 በመቶ፣ አረንጓዴው በ25 በመቶ ይዘገያሉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ አሥር ዓመትና ከዚያ በታች በሆኑ ልጆች ውድድር መደበኛው ቢጫ ኳስ በደንብ ተከልክሏል። አሠልጣኙ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ቢጫ ኳስ ብቻ ይዞ ከቆመ፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

የኳሱ ነገር ጅማ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከፍታው ነው። በቴኒስ ሕግ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,219 ሜትር ያለፈ ቦታ “ከፍተኛ ቦታ” ይባላል። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ አጋሮም ቦንጋም ከ1,500 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ሳሳ ስለሚል የተመታ ኳስ የሚገታው ነገር ያንሰዋል፤ ይርቃል። ውስጡ በአየር ግፊት የተሞላው ኳስ ደግሞ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ከፍ ብሎ ይነጥራል። ለዚህ ነው ሕጉ ለከፍተኛ ቦታ ለብቻው ኳስ የደነገገው፦ ከ254 ሳንቲ ሜትር ሲለቀቅ መደበኛው ከ135 እስከ 147 ሳንቲ ሜትር ሲነጥር፣ የከፍታው ኳስ ከ122 እስከ 135 ብቻ ይነጥራል። ይህን የማያውቅ አሠልጣኝ ጋ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ልጁ ትክክለኛ ምት መትቶ ኳሱ ከአጥር ውጭ ይወድቃል፣ “ቀስ በል!” ይባላል፣ ክንዱን ሰብስቦ መነካካት ይለምዳል። ጥፋቱ የኳሱ ሆኖ ሳለ የሚታረመው ልጁ ነው። በውስጡ ግፊት የሌለው ኳስ እዚህ ሁለት ጥቅም አለው፤ የሚነጥረው በላስቲኩ ስለሆነ እንደ ባለ ግፊቱ ቆርቆሮው ከተከፈተ በኋላ በሳምንታት ውስጥ አይሞትም፣ በአዲስ ለመተካትም ቶሎ ቶሎ ከአዲስ አበባ ማስመጣት አያስፈልግም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚመረጥ ሰው ሲኖር ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራውም ይኸው ነው። ሊሙ ገነት ላይ ያለ ወላጅ ከማን ማንን ይመርጣል? በአገራችን የቴኒስ ሜዳ በአብዛኛው የሚገኘው በክለብ፣ በሆቴል ወይም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ አሠልጣኙም ሜዳው ያለበት አይጠፋም። ትንሽ ከተማ ውስጥ ምርጫው አንድ ሰው ወይም ማንም ሊሆን ይችላል። እንደኔ ግን መስፈርቱ የሚጠቅመው ይልቁንም እዚያ ነው። የሚታየው ተማሪው ከሆነ፣ ቴኒስ ተጫውቶ የማያውቅ ግን ልጆችን በሥርዓት ማንቀሳቀስ የሚችል የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ጥሩ ጀማሪ አሠልጣኝ ሊሆን ይችላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ምሩቃን፣ የወረዳው ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚያውቃቸው መምህራን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰዓት ያላቸው ተማሪዎች መጠየቅ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አካዳሚ በኢንተርኔት ነፃ ትምህርት ስላለው፣ ሦስት አራት ወላጆች ተባብረው ለአንድ መምህር ኳስና የኢንተርኔት ወጪ ቢችሉ ሌላ ከተማ ያለ ዝነኛ ከመናፈቅ ይሻላቸዋል። ቴኒስ የሀብታም ጨዋታ ነው ለሚል ደግሞ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወንድማማቾቹ ታሪኩና ደስታ ተስፋዬ የችግረኛ ቤተሰብ ልጆችን ቴኒስ ከትምህርት ጋር አጣምረው ማስተማራቸው በቂ መልስ ነው።

ምስክር ወረቀትስ? አልንቀውም። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አሠራር ደረጃ 1 ጀማሪና መካከለኛ ተጫዋቾችን፣ ደረጃ 2 ከዚያ የላቁትን፣ ደረጃ 3 ለከፍተኛ ውድድር የሚዘጋጁትን ለማሠልጠን የሚሰጥ ነው፤ ለልጅ ደረጃ 1 ይበቃል፣ ደረጃ 3 ያለው ሰው ለስድስት ዓመት ልጅ የግድ አይሻልም። ወረቀቱ አንድ ሰው ትምህርቱን እንደተከታተለ ይነግረናል፤ ዛሬ ሜዳ ላይ እየተጠቀመበት መሆኑን ግን አይነግረንም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ድርድር የለም፦ “ወላጅ ሲያይ ልጆቹ ይደናገጣሉ” ብሎ ቁጭ ብላችሁ እንዳታዩ የሚከለክል አሠልጣኝ ጋ ልጅ አይተውም፤ በተለይ ለብቻ በሚሰጥ ትምህርት። ሴት ልጅ የላከ ቤተሰብ ሌላ አዋቂ አብሮ እንዲኖር ቢጠይቅ ደግሞ ደህና አሠልጣኝ ቅር አይለውም።

የቀረው ክፍያ ነው፤ እሱም በአካባቢው ወቅት ይወሰናል። ጅማ ዙሪያ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል፤ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም ሜዳ የሚደርቅበት ቀን ጥቂት ነው። ሜዳው ደርቆ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ያለው ደግሞ ቀይ እሸት ቡና የሚለቀምበት፣ አጋሮና ጎማ ላይ ልጅ አዋቂ ሳይባል ሁሉም እጅ የሚፈለግበት ወቅት ነው። ገንዘብም ወደ ቤት የሚገባው ቡናው ከተሸጠ በኋላ ነው። ስለዚህ በየወሩ እኩል የሚከፈል፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ውል ለዚህ አገር አልተሰፋም። በክፍለ ጊዜ መክፈል፣ ለቀማው ሲደራ ማቆም፣ ከጥር እስከ የካቲት ማጥበቅ ለሁለቱም ወገን ያዋጣል። ዝናብ ያቋረጠው ሰዓት ይካካሳል ወይስ ይከፈላል? ይህ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ተነጋግረው በወረቀት የሚያሰፍሩት ነው። ዝናብ ሲጥል በረንዳ ወይም አዳራሽ ውስጥ ምን እንደሚያሠራ የሚያውቅ አሠልጣኝ ከተገኘ ደግሞ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም አልከራከረውም።