ወረርሽኝና የእርሻ መሬት ኪራይ

መሬት የሌለው ወይም ያለው መሬት ለቤተሰቡ የማይበቃው ገበሬ የሌላውን ሰው መሬት ያርሳል፤ ለዚህም ለባለመሬቱ ከምርቱ ያካፍላል ወይም ገንዘብ ይከፍላል። ይህ ክፍያ የመሬት ኪራይ ይባላል። የኪራዩ መጠን የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ ዘር ከመዘራቱ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ባለመሬቱም አራሹም የሚያስቡት ስለ ደኅና ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ውሉ ከተደረገ በኋላ ወረርሽኝ ቢነሣ፣ አራሹ ቢታመም ወይም ገበያው ቢዘጋ፣ ኪራዩ እንደ ውሉ ሙሉ በሙሉ ሊከፈል ይገባዋልን? ወይስ አራሹ እንዲቀነስለት ቢጠይቅ ተገቢ ነው? ይህ ጥያቄ የአንድ ዓመት ቀለብንና የሁለት ቤተሰቦችን ኑሮ የሚነካ ነው። መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ወረርሽኝ በእርሻ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ ቀጥሎም የኪራይን ዓይነቶች መመርመር ያስፈልጋል።

ድርቅ፣ በረዶና አንበጣ የሚጎዱት ሰብሉን ነው። ወረርሽኝ ግን አስቀድሞ የሚጎዳው ሰውን ነው። ሰብሉ በማሳው ላይ አምሮ ቆሞ ሳለ አጫጅ ሊታጣ ይችላል። ለዚህ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጥሩ ማስረጃ ነው። ያን ጊዜ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ በአዲስ አበባ በኅዳር ወር በረታ። ሕዝቡም በሽታውን በወሩ ስም ጠራው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ ታመው ድነዋል። ኅዳር በኢትዮጵያ ደጋማ አገር የአጨዳ ወር ነው። እንዲህ ባለው ወር በሽታ ወደ አንድ መንደር ሲገባ፣ የደረሰው እህል በጊዜው ካልታጨደ ይረግፋል፤ ወይም ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብ ያበላሸዋል። በደቦና በወንፈል ይረዳዱ የነበሩ ጎረቤታሞችም አንዱ ታማሚ፣ ሌላው አስታማሚ ስለሚሆን መሰባሰብ አይችሉም።

የወረርሽኝ ሁለተኛ ጉዳት በገበያ በኩል የሚመጣው ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዲስ አበባም መጨናነቅን ለመቀነስ ሲባል የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። እንዲህ ባለ ጊዜ መንገድ ሲጠብና ገዢ ሲያንስ ጉዳቱ በሁሉም ገበሬዎች ላይ እኩል አይደርስም። ጤፍ ወይም ስንዴ ያመረተ ገበሬ እህሉን ጎተራ ከትቶ የተሻለ ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ቲማቲም ያመረተው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልሸጠ ድካሙ በማሳው ላይ ይበሰብሳል። ስለዚህ አንዱ ምርቱን አጥቶ፣ ሌላው ምርቱን ይዞ ዋጋውን አጥቶ ሊከስር ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው የኪራዩ ዓይነት ነው። የእርሻ መሬት ኪራይ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የድርሻ ኪራይ ነው። በዚህ ዓይነቱ ውል አራሹ ከሚገኘው ምርት ግማሹን፣ ሲሶውን ወይም ሩቡን ለባለመሬቱ ይሰጣል። እኩል አራሽና ሲሶ አራሽ የሚሉት ስሞች የመጡት ከዚህ ነው። ሁለተኛው ቁርጥ ኪራይ ነው። በዚህኛው ምርቱ በዛም አነሰም የሚከፈለው ገንዘብ ወይም እህል አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በብዙ ቦታ ገበሬዎች ኮንትራት ይሉታል።

የሁለቱን ልዩነት በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ማሳ በደኅና ዓመት 20 ኩንታል ይሰጣል እንበል። የድርሻው ውል እኩል ቢሆን ለባለመሬቱ 10፣ ለአራሹም 10 ኩንታል ይደርሳል። ቁርጡም ኪራይ 10 ኩንታል ቢሆን ሁለቱ ውሎች በዚያ ዓመት አንድ ናቸው። ነገር ግን በሕመም ምክንያት ምርቱ ወደ 8 ኩንታል ቢወርድ፣ እኩል አራሹ 4 ኩንታል ሰጥቶ 4 ኩንታል ያስቀራል። ኮንትራት የያዘው ግን 8ቱን ኩንታል በሙሉ አስረክቦ ገና የ2 ኩንታል ዕዳ ይቀርበታል። በተቃራኒው ዓመቱ ሠምሮ 30 ኩንታል ቢገኝ፣ እኩል አራሹ 15 ኩንታል ሲደርሰው ኮንትራት የያዘው 20 ኩንታል ያገኛል።

ከምሳሌው ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። በድርሻ ኪራይ የጉዳቱ ክፍያ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ስላለ፣ ምርቱ ሲቀንስ የባለመሬቱ ድርሻ አብሮ ይቀንሳል። በመሆኑም እኩል አራሹ የቅናሽ ጥያቄ የሚያነሣው የደረሰው ድርሻ ለዘርና ለቀለብ የማይበቃ ሲሆን ነው። በቁርጥ ኪራይ ግን የክፉው ዓመት ጉዳት በሙሉ የሚወድቀው በአራሹ ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ የመልካሙ ዓመት ትርፍም የእርሱ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

ይህን ሚዛን ሕግ አውጪዎች ከጥንት ጀምሮ አስበውበታል። በ6ኛው መቶ ዓመት በንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ ዘመን የተሰበሰበው የሮማውያን ሕግ፣ አራሹ ሊቋቋመው በማይችለው ኃይል ሰብሉ ቢጠፋ ኪራዩ እንዲቀርለት ይፈቅዳል። ሆኖም በተከታዩ ዓመት ጥጋብ ቢሆን ባለመሬቱ የተወውን ኪራይ መልሶ ሊጠይቅ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢያንስ የሰብሉ ግማሽ በድንገተኛ አደጋ የጠፋበት አራሽ ቅናሽ እንዲጠይቅ ፈቅዷል። ነገር ግን ውሉ ለብዙ ዓመታት የተደረገ እንደ ሆነ፣ ያለፉት ዓመታት ምርት ጉዳቱን የሚያካክስለት አራሽ ይህ መብት አልተሰጠውም። ጥፋቱ የደረሰው ሰብሉ ከታጨደ በኋላ ከሆነም ቁርጥ ኪራይ ከፋዩ ቅናሽ ሊጠይቅ አይችልም። እነዚህ ሕጎች በቀጥታ የሚናገሩት ስለ ሰብል መጥፋት ነው። ገበያ ተዘግቶበት ዋጋ ያጣው ገበሬ ከሕጉ ይልቅ በስምምነትና በሽምግልና መታመን ይኖርበታል።

ሕግ ቢኖርም ጉዳቱን ማን ይለካዋል የሚለው ነገር ሌላ ክርክር ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በ1918 በምዕራብ ሕንድ በጉጀራት ግዛት በኬዳ አውራጃ የሆነው ይህን ያሳያል። በዚያን ዘመን ሕንድ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ገበሬዎቹም የመሬት ግብር የሚከፍሉት ለመንግሥት ነበር። ሰብሉ ተበላሸ፤ በአውራጃው ቸነፈር ገብቶ ነበር፤ የኑሮ ውድነትም በረታ። በደንቡ መሠረት ምርቱ ከደኅና ዓመት ምርት ሩብ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የዓመቱ ግብር ሳይሰበሰብ ይቆይ ነበር። ገበሬዎቹ ምርቱ ከሩብ በታች ነው አሉ፤ ባለሥልጣኖቹ ደግሞ ከሩብ በላይ ነው አሉ። በማርች ወር 1918 ማኅተማ ጋንዲና ቫላብባይ ፓቴል እየመሯቸው ገበሬዎቹ ግብር ላለመክፈል ቃል ተጋቡ። መክፈል የሚችሉትም ከማይችሉት ጋር አብረው ቆሙ። ምክንያታቸውም ባለጸጎቹ ከከፈሉ ድኾቹ ደንግጠው ከብታቸውን ይሸጣሉ ወይም ዕዳ ይገባሉ የሚል ነበር። መንግሥት ከብትና ንብረት ቢወርስባቸውም ጸኑ። በመጨረሻም አቅም ያላቸው እንዲከፍሉ፣ ድኾቹ ግን ለጊዜው እንዲታለፉ ተደረገ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ለዚህ ይስማማል። ከዚህም ጋር አንድ ሰው ብቻውን የሚያቀርበው አቤቱታ በቀላሉ እንደሚታለፍ፣ ቅናሽም በአቅም እየተለየ ሊሰጥ እንደሚችል ከዚህ ታሪክ ይታያል።

በኢትዮጵያ ከ1967 ዓ.ም. በፊት ጭሰኛው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለማንሣት ብዙ ይፈራ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬቱ እስከ ምርቱ ሦስት አራተኛ ድረስ እንዲቀበል ይፈቅድ ነበር። ጭሰኛው በመሬቱ ላይ ለመቆየት የሚያስተማምን ዋስትና ስላልነበረው፣ ቅናሽ ቢጠይቅ ከመሬቱ ሊነቀል ይችል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አጠፋ፤ መሬት ማከራየትንም ከለከለ። በኋላ የወጡት ሕጎች ግን ባለይዞታው ራሱን ከመሬቱ በማያፈናቅል መጠን ለሌላ ገበሬ እንዲያከራይ ፈቀዱ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ከእነዚህ አንዱ ነው።

በዚህ ምክንያት አከራይና ተከራይ የሚሉት ቃላት የዛሬው ትርጉማቸው ከቀድሞው የተለየ ነው። ዛሬ በብዙ የደጋ መንደሮች መሬቱን የሚያከራየው ባለጸጋ አይደለም። ባልዋ የሞተባት ሴት፣ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ወይም ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ነው። በሬና ጉልበት ስለሌላቸው መሬታቸውን ጥማድ በሬ ላለው ጎረቤት በእኩል ወይም በኮንትራት ይሰጣሉ። ለእነርሱ ኪራዩ የዓመት ቀለብ ነው። ወረርሽኙም እነርሱን ጭምር ይጎዳል። ተከራዩ ኪራዩ ሙሉ በሙሉ ይቅርልኝ ቢልና ቢፈቀድለት፣ ከአንድ ቤት የተነሣው ረኃብ ወደ ሌላው ቤት ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

እንግዲህ አራሹ በወረርሽኝ ዘመን ቅናሽ ሊጠይቅ ይገባዋልን? ጉዳቱ እውነተኛና ከባድ ከሆነ ይገባዋል። ዘሩን በልቶ ወይም በሬውን ሸጦ ኪራይ የሚከፍል ገበሬ የሚቀጥለውን ዓመት እርሻ ያጠፋል፤ በዚህም ባለመሬቱ ራሱ በተከታዩ ዓመት አራሽ ያጣል። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሁለቱን ወገን አቅም ያገናዘበ መሆን አለበት። ሁለት ሦስት ጥማድ በሬ ያለውና ባለፉት ዓመታት ያተረፈ ተከራይ ከመበለቲቱ ኪራይ ላይ ቅናሽ ቢጠይቅ ፍትሕ አይሆንም።

የአጠያየቁም ሥርዓት ውጤቱን ይወስናል። አራሹ ችግሩን ሰብሉ ገና በማሳው ላይ ሳለ ለባለመሬቱ ማሳወቅ ይኖርበታል። ያን ጊዜ የመንደሩ ሽማግሌዎች ማሳውን አይተው ጉዳቱን ሊገምቱ ይችላሉ። እህሉ ዐውድማ ላይ ተወቅቶ ከተነሣ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ምስክር የለውም፤ ጥርጣሬንም ያመጣል። በሽታው የሚተላለፍ በመሆኑ ጥቂት ሽማግሌዎች ተራርቀው ማሳውን ቢያዩት ይበቃል። ቅናሽም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ኪራዩ በከፊል ሊቀነስ፣ እስከ ሚቀጥለው መኸር ሊቆይ፣ ወይም ቁርጡ ኪራይ ለዚያ ዓመት ብቻ ወደ ድርሻ ሊለወጥ ይችላል። ከሁሉም የመጨረሻው መንገድ ለሚዛን የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም የተገኘውን ሁለቱም ይካፈላሉ፤ የጠፋውንም ሁለቱም ይሸከማሉ። የተስማሙበት ነገር በጽሑፍ ሰፍሮ በምስክር ፊት ቢፈረም በኋላ ክርክር አያስነሣም።

ወረርሽኝ የማንም ጥፋት አይደለም። ስለዚህም ጉዳቱ በውል ምክንያት በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባውም። አራሹ ሳይፈራ የሚጠይቅበት፣ ባለመሬቱም ሳይራብ የሚፈቅድበት መንገድ ከተገኘ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ክፉውን ዘመን አልፈው በሚቀጥለው ክረምት በዚያው ማሳ ላይ ዘር ይዘራሉ።

ጥያቄዎች

1. ወረርሽኝ በእርሻ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ድርቅ ከሚያደርሰው የሚለየው በምንድን ነው?
2. በድርሻ ኪራይና በቁርጥ ኪራይ መካከል ያለውን ልዩነት የራሳችሁን ምሳሌ በመስጠት አስረዱ።
3. በኬዳ አውራጃ መክፈል የሚችሉት ገበሬዎች ግብር ያልከፈሉት ለምን ነበር?
4. ሰብሉ ከመታጨዱ በፊት ቅናሽ መጠየቅ ጥቅሙ ምንድን ነው?
5. በአካባቢያችሁ መሬት የሚከራይባቸውን መንገዶች ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።